የአብዱሰላም ዓሦች

ሴትዮዋ የመጣችው ዩኑስ ሽንኩርቱን ሲኮተኩት ነው። ጊዜው ኅዳር 1999 ዓ.ም.፣ ቦታው ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው የዩኑስ ማሳ ነበር። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች፤ በብብቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ሸጉጣለች። ውሃው ውስጥ እየተራመደች፣ ድንጋይ እየገለበጠች፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው እያጎነበሰች ነበር የምትመጣው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?» አለች ዳር ወጥታ። «ሰርክአዲስ እባላለሁ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነኝ፤ የዓሣ ባለሙያ።»

ዩኑስ ዶማውን ተደግፎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወንዙን አየ። ሮቢ ክረምት ሲሆን ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ግን ውሃ የሚስቡት ሞተሮች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲጠጡት ይውሉና ከድንጋይ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ጅረት ሆኖ ይቀራል።

«የዓሣ ባለሙያ? እዚህ?»

ሰርክአዲስ ሳቀች። «ሁሉም ሰው እንደዚሁ ነው የሚለኝ። እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ተመደብኩ ስላት እናቴ ራሷ ‹እዚያ ማንጎና ሽንኩርት እንጂ ዓሣ የት አለ?› ብላኛለች።» ወረቀቱን ፈታችው። «ቢሮው ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ አምጥቼ በኩሬ እንዳረባ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እንግዳ ዓሣ ከማምጣቴ በፊት የአገሩን ልወቅ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ወለላ የሚባል ዓሣ ነበረን ይላሉ። በቃል እንደነገሩኝ ሥዬዋለሁ። ይሄንን ይመስል ነበር?»

ዩኑስ ሥዕሉን አየ። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ጎኑ የማር ወለላ የሚመስል ዓሣ ነው፤ ከአፉ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ጢሞች ወጥተውለታል፤ የክንፉ ሥር ቀላ ይላል። ሽማግሌዎቹ ምንም አልተሳሳቱም።

«አላውቀውም» አለ።

እሷ አመስግና ወንዙን ተከትላ ወረደች። ዩኑስ ወደ ኩትኳቶው ተመለሰ። ሦስት ለጋ ሽንኩርት ከአረሙ ጋር ቆርጦ ጣለና ዶማውን ወርውሮ ተቀመጠ።

ወለላን እንዴት አያውቀው! አባቱ አብዱሰላም በዚያ አካባቢ ዓሣ የሚያጠምዱ ብቸኛው ሰው ነበሩ። ገንዳው የሚባል ጥልቅ ኩሬ አለ፤ በጋ ከክረምት አይደርቅም ነበር። አብዱሰላም ራሳቸው የሠሩትን የቀርከሃ ቅርጫት በኩሬው አፍ ላይ ያኖሩና ማለዳ ሄደው ያወጡታል። ለቤት የሚበቃውን ያስቀራሉ፤ እንቁላል ያዘለችውን ለይተው ወደ ውሃው ይመልሳሉ። «ዓሣ መብላት በብልሃት» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ስለ እሾሁ ሲናገረው፣ እሳቸው «ብልሃቱ ለነገ ማስተረፍ ነው» ይሉ ነበር።

ዩኑስ ወታደር ነበር። በግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ተጉዞ፣ ከስቶና ጠቁሮ ቤቱ ገባ። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር አምስት የጦር ጓዶቹ ወደየአገራቸው ሲያልፉ አጠያይቀው መጡ። ከአንድ ጉድጓድ አብረውት የተኙ፣ አንዲት ብስኩት አብረውት የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። የቤቱ ማሽላ ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እንግዳ በባዶ ሆዱ መሸኘት እንዴት ይሆናል? ዩኑስ ሲጨነቅ ያየ አንዱ ጓደኛው «ወንዝ እያላችሁ ምን ያስጨንቅሃል?» አለው። እሱ ባደገበት አገር የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ ይበትናሉ፤ ዓሣው ይሰክርና ራሱ ይንሳፈፋል።

ወቀጡ፤ ገንዳው ላይ በተኑት። ጥቂት ቆይቶ ወለላው ከነጫጩቱ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ለስድስት ሰው አንድ ቅርጫት ይበቃ ነበር። የሞተው ግን ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። አብዱሰላም ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ደረሱና ዳሩ ላይ ቆመው አዩ። ዩኑስ ስድብ ጠበቀ፤ በትርም ጠበቀ። እሳቸው ግን እንግዶቹን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ወንዙን ሽቅብ ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ማንም ሳይነቃ፣ በቅሏቸውን ጭነው በአሊዩ አምባ በኩል ወዳለችው እህታቸው መንደር ወጡ። ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ስለ ዓሣው ትንፍሽ አላሉም፤ ቅርጫቱንም ዳግመኛ ወንዝ አላወረዱትም። በ1988 ሲሞቱ ዩኑስ አንድ ነገር በልቡ ይዞ ቀበራቸው፤ አባቴ ተቀይሞኝ ሞተ የሚል።

በምሳ ሰዓት ሚስቱ አሚራ እንጀራው ሳይነካ ሲቀር አየችና «ምን ሆንህ?» አለችው። ለዐሥራ አምስት ዓመት ለማንም ያልተናገረውን ነገራት። አሚራ ሰምታ ስትጨርስ እንጀራውን ከደነችው።

«ልጅቷ በወንዙ ዳር ስንት ሰው አልፋ ነው አንተ ጋ የቆመችው?» አለች። «አላህ በር ሲከፍትልህ መልሰህ አትዝጋው። ሂድና ንገራት።»

በማግሥቱ ጠዋት ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሰርክአዲስ ከማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወንበር ሳበችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ፣ እህቴ። ዓሣውን አውቀዋለሁ። የፈጀሁትም እኔ ነኝ» አለና ከነብርብራው ነገራት።

እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ስንት ሰው እንደጠየቅሁ ያውቃሉ፣ ጋሼ ዩኑስ? ሁሉም ‹ጠፋ› ብቻ ነው የሚሉኝ። እንዴት እንደጠፋ የነገረኝ ሰው አንቱ ብቻ ነዎት» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ብርብራው አንድ ኩሬ ገደለ እንጂ ወንዙን በሙሉ አልገደለም። ሌላውን የጨረሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ሞተሩ ውሃውን ጨረሰው፣ የሽንኩርቱ መድኃኒት የቀረውን መረዘው። ሁሉንም ለብቻዎ አይሸከሙት» አለች።

ዩኑስ ያን ጊዜ ተቀመጠ።

«አባትዎ ሌላ ቦታ ያውቁ ነበር? ወለላ የሚገኝበት ሌላ ወንዝ?»

«አባቴ የለም። እህቱ ግን አሉ፤ አክስቴ ከዲጃ። ልጅ ሆነው አብረው ነው ያጠመዱት።» ከለቅሶው ወዲህ አክስቱን እንዳላያቸው ሳይነግራት ቀረ። አባቱን ስለሚመስሉ ነበር የሚሸሻቸው።

ሰርክአዲስ የቢሮውን መኪና ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀባት። መኪናው ሲገኝ ሹፌሩ ግርማ «ዓሣ ፍለጋ ተራራ እንወጣለን ማለት ነው?» እያለ ቀልዱን አላቆመም። በደብረ ሲና ወጥተው፣ በደብረ ብርሃን ዞረው፣ በአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። ከአሊዩ አምባ በታች፣ የድንጋይ ቤቶቿ ገደሉ ላይ የተለጠፉ በሚመስሉ በአንዲት የአርጎባ መንደር፣ አክስት ከዲጃ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፉ ነበር። ከሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዩኑስን ሲያዩ ሰፌዱን ጥለው ተነሡ፤ ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት።

«የአብዱሰላም ልጅ! ዐሥራ አንድ ዓመት! መንገዱ ነው የጠፋብህ ወይስ እኔ?»

ዩኑስ አንገቱን ደፋ። ውሃ ቀረበላቸው፤ ቂጣና ማር በሉ። ከዚያ ዩኑስ ወለላ ስለሚባለው ዓሣ ጠየቃቸው።

«ለምን ፈለግኸው?» አሉት።

«ይህች ልጅ ከመንግሥት ተልካ...»

«እሷን አይደለም፤ አንተን ነው የጠየቅሁ።»

ዩኑስ የአክስቱን ዓይን ማየት አቃተው። «ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው፣ አክስቴ። ቢቻል ልመልሰው።»

ከዲጃ ምርኩዛቸውን አነሡና ሳይናገሩ ቁልቁል መሩ። ከመስጊዱ በታች፣ ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ምንጭ አለ። ውሃው ዙሪያው በድንጋይ በተካበ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀምና ሰው ውዱእ ወደሚያደርግበት ቦይ ይወርዳል። ሰርክአዲስ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ተንበረከከች።

«ጋሼ ዩኑስ» አለች። «ይምጡ። ይምጡና ይዩ።»

ውሃው እስከ ወለሉ ድረስ ጥርት ያለ ነው። በመካከሉ ወለላዎች እንደ መንጋ ሆነው፣ በአንድነት ሲታጠፉ ጎናቸው ፀሐይዋን እየተቀበለ፣ ይዋኛሉ። መቶ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ከዚያ ይበልጣሉ።

«ያን ቀን አባትህ» አሉ ከዲጃ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ «ከኩሬው በላይ፣ ከቋጥኝ ሥር ንጹሕ ውሃ ከሚፈልቅበት፣ ገና የሚተነፍሱ አገኘ። ሃያ ሦስት ነበሩ። በሁለት እንስራ ከትቶ በቅሎ ላይ ጫናቸው። በየደረሰበት ጅረት ውሃ እየቀየረ ሁለት ቀን ተጓዘ። እዚህ ሲደርስ ዐሥራ ስምንቱ ነፍስ ነበራቸው። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ፈቀዱለትና እዚህ ለቀቃቸው። ይኸው፤ የመስጊድ ውሃ ነው ብሎ የነካቸው የለም።»

«ለምን አልነገረኝም?» አለ ዩኑስ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነበት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ልጄ ከጦርነት ነው የመጣው፤ ሞትን እስኪበቃው አይቷል፤ አሁን ደግሞ እኔ በዓሣ ልውቀሰው?› አለኝ። ‹የሚፈልጋቸው ቀን ራሱ ይመጣል፤ ያኔ ስጪው› አለ።»

«ተቀይሞኝ የሞተ ነበር የመሰለኝ።»

«አብዱሰላም? ቂም?» ከዲጃ ሊስቁ ከጀላቸው። «አንተ በሰላም በመመለስህ ምስጋናውን ሳይጨርስ እኮ ነው የሞተው። እዚህ ሳምንት ሲቀመጥ የሚያወራው ስለ አንተ ብቻ ነበር።»

ዩኑስ ቦዩ ጋ ወርዶ ፊቱን ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ሰርክአዲስና ግርማ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ መስለው ቆሙ። «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰሙት፤ ደጋግሞ፣ ለራሱ።

ዩኑስ ዓሦቹን በዚያው ቀን ይዞ የሚመለስ መስሎት ነበር። ከዲጃ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው።

«ወንዙስ? አሁን ወንዙ እንዴት ነው?»

ሊዋሽ አልቻለም። «በጋ ይደርቃል፣ አክስቴ። ገንዳውም ይደርቃል። ሞተር ጠጥቶት ነው። የኔም ሞተር አለበት።»

«ለደረቅ ወንዝ ዓሣ አልሰጥም» አሉ ከዲጃ። «ወንዙን አብጅና ና።»

ሲመለሱ ዩኑስ ቅር የተሰኘ መስሏት ሰርክአዲስ ልታጽናናው ጀመረች። እሱ ግን «ልክ ናቸው» አላት። «ምን መሥራት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ ነው!»

ያን ዓመት ሙሉ ወንዙን ማበጀት ሥራው ሆነ። ሰርክአዲስ ውሃውን ለክታ፣ ሞተሮቹ በፈረቃ ቢሠሩና ከገንዳው በላይ ያሉት ሁለት ሞተሮች ቢነሡ ኩሬው በጋውን እንደሚዘልቅ አሳየችው። ከሁለቱ አንዱ የዩኑስ ነው። ሌላው የክንፈ ነው። ክንፈ በአካባቢው ሰፊ የሽንኩርት ማሳ ያለው፣ ኃይለኛ፣ ተከራክሮ የማይረታ ሰው ነበር።

በመስኖ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ክንፈ ተነሥቶ «መዳፍ ለማትሞላ ዓሣ ብዬ ሽንኩርቴን ላድርቅ?» ሲል ብዙው ሰው ሳቀለት።

ዩኑስ ተነሣ። በሰው ፊት መናገር ልማዱ አይደለም። «ሞተሬን አንሥቻለሁ» አለ። «ነገ ሳይሆን ዛሬ ጠዋት። ዘንድሮ በዚያ መሬት ላይ ማሾ ነው የምዘራ፤ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ዓሣውን በብርብራ የፈጀሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምከፍለው እኔ ነኝ። እናንተን የምለምናችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ሞተር እንድታሳርፉና የመድኃኒት መርጫችሁን ወንዝ ውስጥ እንዳታጥቡ ብቻ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ክንፈ አጎንብሶ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዟዙር ቆየ።

«እናቴ በጾም ወራት ከአባትህ ወለላ ትቀበል ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁን ቀንሶ። «ሄጄ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። በቅጠል ጠቅልለው ይሰጡኛል። ‹ለእናትህ ጾሙን የሰላም ያድርግላት በልልኝ› ይሉኝ ነበር።» ባርኔጣውን ደፋ። «ሞተሬን ከገንዳው ዝቅ አድርጌ እተክለዋለሁ። ውሃው ከቀነሰብኝ ግን አንተን ነው የምወቅሰው።»

«እሺ» አለ ዩኑስ። «ውቀሰኝ።»

ሁሉም ወዲያው አልተስማማም። ፈረቃ የሚሰርቅ ነበር፤ መርጫውን ተደብቆ የሚያጥብም አልጠፋም። ሰርክአዲስ በየማሳው እየዞረች ከወንዙ ራቅ ብሎ የማጠቢያ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ አንዳንዱን ራሷ ቆፈረችው። ያም ሆኖ የ2000 ዓ.ም. በጋ ሲገባ፣ በታኅሣሥ፣ ገንዳው ሰው እስከ ወገብ የሚያሰጥም ውሃ ይዞ ነበር። ዩኑስ በረዥም እንጨት ለካና ምልክት ቆረጠበት። ያን እንጨት ይዞ ነው ወደ አክስቱ የሄደው።

ከዲጃ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይበቃል» አሉ።

ስድሳ ዓሦች በሁለት በርሜል ውሃ ጨመሩ። ሰርክአዲስ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ አዘጋጅታለች፤ በበርሜሎቹ ውስጥ አረፋ ያስነሣል። ከዲጃ በርሜሎቹ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ለግርማ «እንደ እርጉዝ ሴት ቁጠራቸው» አሉት። ግርማ ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ አልቀለደም።

ጣርማ በር ሲደርሱ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከኋላ ከበርሜሎቹ ጋር የተቀመጠው ዩኑስ ድንገት የአየር መንፊያው ድምፅ መቆሙን ሰማ። ጣሪያውን ደበደበ። መኪናው ቆመ፤ ሰርክአዲስ ወርዳ ባትሪውን ነካካችው።

«ሞቷል» አለች። «አየር ካላገኙ ግማሽ መንገድ አይደርሱም። ውሃውን በእጅ ማንሣትና ከላይ መልሶ ማፍሰስ አለብን። ሳናቋርጥ።»

ዩኑስ ጣሳ አነሣ። «አንቺ አንደኛውን፣ እኔ አንደኛውን።»

ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ጋቢውን አውልቆ በአንዱ በርሜል ላይ ጠቀለለው፤ ሰርክአዲስም ሹራቧን በሌላው ላይ። ከዚያ በጭጋጉ መካከል፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ እየተንገጫገጩ፣ ይቀዳሉ፣ ያፈስሳሉ። ደብረ ሲና ሲደርሱ የዩኑስ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ነበር። ግርማ ለአፍታ ባቆመበት ቦታ ቆሎ የምትሸጥ ዘነበች የምትባል ሴት እየተንቀጠቀጠ ጣሳ የሚያንቆረቁረውን ሰው አየች።

«ምን ሆነው ነው ጋቢዎን ለበርሜል ያለበሱት?»

«ዓሣ ነው ያለው።»

«ለዓሣ!» ብላ ሳቀች፤ ግን ወዲያው ከራሷ ትከሻ ነጠላዋን ገፍፋ ትከሻው ላይ ጣለችለት። «ሲመለሱ ይሰጡኛል፤ ካልተመለሱም ይሁን።» ትኩስ ሻይም አፉ ድረስ አቀረበችለት፤ እጁ ከጣሳው አልተላቀቀምና። ዩኑስ በሳምንቱ ነጠላዋን ከአንድ ጉንጉን ሽንኩርት ጋር ሊመልስላት ደብረ ሲና ወጣ።

ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ሙቀቱ እንደ እሳት ተቀበላቸው። ክንፈና ሌሎች ገበሬዎች ገንዳው ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሞተሮቹ ሁሉ ዝም ብለዋል፤ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰርክአዲስ ማንም እንዲቸኩል አልፈቀደችም። የወንዙን ውሃ በጭልፋ እየጨመረች፣ ዓሦቹን ለአንድ ሰዓት ያህል ከአዲሱ ውሃ ጋር አስተዋወቀቻቸው። ሰባት ሞተው ነበር። ሃምሳ ሦስቱን ዩኑስ በሁለት እጁ እያፈሰ አንድ በአንድ ለቀቃቸው። እያንዳንዱ ከጣቶቹ መካከል ሲወጣ ለአፍታ ይቆምና፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ ይጠልቃል።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ ሮቢ ሞልቶ የዩኑስን ማሾ ጥግ ቆርሶ ወሰደው። ገንዳውም በአሸዋ ግማሹ ተሞላ። ጥቅምት 2001 ውሃው ሲጠራ ዩኑስና ሰርክአዲስ ሦስት ቀን ፈለጉ። አንድም ወለላ አላዩም። በሦስተኛው ቀን ሰርክአዲስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ አሳየችው፤ ወደ ዞን ቢሮ ተዛውራለች።

«ባዶ እጄን ልሄድ ነው» አለች።

«አንቺ ባዶ እጅሽን አትሄጂም» አላት ዩኑስ። «አባቴን የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። ዓሣው ባይኖር እንኳ...» ሊጨርሰው አልቻለም፤ ከታች በኩል ክንፈ ስሙን እየጠራ ሲጮህ ሰሙ።

«ዩኑስ! አንተ ዩኑስ! ና ቶሎ!»

ሮጡ። ክንፈ ውሃ ወደ ማሳው የሚወስድበት ቦይ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። በጣሳ የቀዳውን ውሃ አሳያቸው። በጣሳው ውስጥ ከጥፍር የማይበልጡ፣ ዓይናቸው ከአካላቸው የሚበልጥ የሚመስል፣ ሰባት ስምንት ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። ሰርክአዲስ አንዷን በመዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረቻት። በጎኗ ላይ ክር የምታህል ቢጫ መስመር አለች።

«ወለላ ናት» አለች። «ጋሼ ዩኑስ፣ እዚሁ የተወለደች ወለላ ናት።»

ቦዩ በእነሱ ተሞልቶ ነበር። ጎርፉ ትልልቆቹን ወደ ታች አውርዷቸው፣ እነሱም ረጋ ያለ ውሃ ፈልገው የክንፈን ቦይ መራቢያ አድርገውታል። ክንፈ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

«እንግዲህ ቦዬን መጥረግ ልትከለክሉኝ ነው» አለ፤ ግን ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። ዩኑስ እጁን ሊጨብጠው ሄዶ አቀፈው። ሰርክአዲስም አለቀሰች፤ አልሸሸገችውም። ዝውውሯን እስከ ጥር አስተላለፈችው።

ለአረፋ በዓል ዩኑስ አክስቱን በአውቶቡስ አመጣቸው። ከዲጃ ሳያርፉ ወደ ወንዙ እንዲወስዳቸው ጠየቁ። ቦዩ ዳር ተቀምጠው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ጫጩቶቹ አሁን ጣት አክለዋል።

«ከስተዋል» አሉ።

«ወንዝ ውስጥ ይዋኛሉ እኮ፣ አክስቴ፤ የእርስዎዎቹ ተቀማጥለው ነው» አለ ዩኑስ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ይዞ ሊያመሰግናቸው ጀመረ፤ ዓሦቹን ዐሥራ ስድስት ዓመት ስለጠበቁለት፣ እምቢ ስላሉት፣ አባቱን ስላስታወሱለት። ከዲጃ ተዉ ሳይሉት፣ ሳያቋርጡት፣ እስኪጨርስ ሰሙት። ሲጨርስ ትከሻውን ተደግፈው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ዩኑስ ብቻውን ወደ አባቱ መቃብር ሄደ። ፋቲሃ ቀራ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው፤ ሲደርስ ግን ይቅርታው ቀድሞ እንደተሰጠው ተሰማው። ስለዚህ ዝም ብሎ ለአባቱ ወሬ ነገራቸው፤ ገንዳው ምን ያህል ውሃ እንደያዘ፣ ክንፈ ቦዩን ሰው እንዳይረግጥበት በእሾህ እንዳጠረው፣ ከዝዋይ የመጣችው ልጅ ጥር ላይ እንደምትሄድና አሚራ ስንቅ እያዘጋጀችላት እንደሆነ። ነግሮ ሲጨርስ ልብሱን አራግፎ፣ የበዓሉ እንግዶች ወደሚጠብቁት ቤቱ ወረደ።